«አማቴ ጫት ነው ብለው ሊጥሉት ነው»

ባለፈው እትም አንዲት አንባቢ ከደብዳቤዋ ጋር አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል እንደላከችልኝ ነግሬያችሁ ነበር። ስሙ ጓዩሳ ይባላል ብያችሁ፣ «ሳልቀምስ አልመልስም» ብዬ አቆየሁት። ይኸው ቀምሼ መጣሁ። ወሬውን የሰሙ ሌሎችም ጥያቄ ጨመሩበት፤ ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ሙሉውን የሱ ሆነ። ስለ ጓሮ ቲማቲም የጻፋችሁልኝ ታገሱኝ። ቲማቲሙ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ወንድሜ የሚኖረው ስፔን ነው። ሚስቱ የኢኳዶር ሰው ናት። በቅርቡ በሰው እጅ አንድ ከረጢት ቅጠል ላከልኝ። «እናቷ ያደረቁት ነው፣ እንደ ሻይ አፍልተሽ ጠጪው፣ ያነቃል» አለኝ። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ቅጠሉን ሲያዩ «ጫት እኔ ባለሁበት ቤት አይገባም» ብለው ቆጥ ላይ ሰቀሉት። ሊጥሉት ነው። እውነት ጫት ነው? ካልሆነስ ምንድን ነው? የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እርስዎም እንዲያዩት ትንሽ ልኬልዎታለሁ። — ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አማትሽን አረጋጊልኝ። ጫት አይደለም። የጫት ዘመድም አይደለም። ጫት ሰውን የሚያነቃው ካቲኖን በሚባል ነገር ነው። ጓዩሳ ውስጥ ያለው ካፌይን ነው፤ አማትሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ከጀበና የሚቀዱት ያው ነገር። ግን አትሳቂባቸው። ከሩቅ የመጣ ቅጠል፣ «ያነቃል» ተብሎ የተላከ፣ ስሙ የማይታወቅ። እኔም ብሆን ቆጥ ላይ ነበር የምሰቅለው።

ጓዩሳ ዛፍ ነው። የሚበቅለው በላይኛው የአማዞን ደን፣ ኢኳዶር፣ ፔሩና ደቡብ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚለማው ኢኳዶር፣ በተለይ ናፖ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። አርጀንቲናዎች የሚጠጡት ማቴ የቅርብ ዘመዱ ነው። እግር ኳስ የምትከታተሉ፣ ሜሲ ከአውቶቡስ ሲወርድ በእጁ የሚይዛትን ቅልና የብረት መምጠጫ አይታችሁ ይሆናል። እሷ ማቴ ናት። ጓዩሳ ግን እንደ ማቴ ዓለምን አልዞረም። ለረጅም ጊዜ እዚያው ደኑ ውስጥ፣ እዚያው ምድጃ ዳር ቆይቷል።

አሮጌ ነገር ነው ደግሞ። ቦሊቪያ ውስጥ፣ ተራራ ላይ በሚገኝ የአንድ የባህል ሐኪም መቃብር ውስጥ በጥቅል የታሰረ የጓዩሳ ቅጠል ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 1,500 ዓመት ይጠጋል። ዛፉ እዚያ ተራራ ላይ አይበቅልም። አንድ ሰው ከቆላ ተሸክሞ አውጥቶታል ማለት ነው። ሰላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን ዝም የሚያሰኘው እንዲህ ያለው ነገር ነበር እንጂ የቅጠሉ ቅርጽ አልነበረም።

አሁን ወደሚጥመኝ ልምጣ። ናፖ ውስጥ የሚኖሩት ኪችዋ የሚባሉ ሕዝቦች ጓዩሳን የሚጠጡት ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነው። ገና ዶሮ ሲጮኽ። ብዙውን ጊዜ የቤቱ እናት ቀድማ ትነሳለች። እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ቅጠሉ እንደ አበባ ጉንጉን ተሰክቶ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ የደረቀ ነው። ከዚያ እየቀነጠሰች ትልቅ ድስት ውስጥ ትከተዋለች፤ ረጅም ጊዜ ይፈላል። ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይነሳና እሳቱን ይከባል። በቅል እየተቀዳ ይዞራል።

ታዲያ ምን ያወራሉ መሰለሽ? ያደሩበትን ህልም። ልጁም፣ አባትየውም፣ አያትየውም ያየውን ይናገራል። ትልልቆቹ ይፈቱታል። ዛሬ አደን ይወጣል ወይስ አይወጣም፣ ማን የት ይሂድ፣ በህልሙ ይመዘናል። ወጣቱ ጥፋት ካለበት ተግሣጹም የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ሴቱም ወንዱም ቃጫ ይፈትላል፣ መረብ ይሠራል፣ ቅርጫት ይጠግናል። ሲነጋ ቀኑ ታቅዶ አልቋል።

ይህን ሳነብ «ህልም እንደ ፈቺው» የምንለው እኛ ምን ነካን አልኩ። እኛም ህልም እንፈታለን እኮ። ግን እየተጠራጠርን፣ በጆሮ፣ ለአንድ ሰው ብቻ።

ስለዚህ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ፤ ጥፋቱም የኔው ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ስምንት ቅጠል ጣል አድርጌ ግማሽ ሰዓት አፈላሁ። ስቀምሰው ለስላሳ ሆነብኝ። እንደ ሻይ አፍ አይጨብጥም፣ እንደ ቡናም አይመርም። ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል፣ መጨረሻው ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። «ይሄማ ውኃ ነው» ብዬ ሁለት ብርጭቆ ሙሉ ጠጣሁ። ሌሊቱን ልቤ ሲመታ፣ ጣሪያ ስቆጥር አደርኩ። የጊዮርጊስ የኪዳን ጸሎት በድምፅ ማጉያ ሲጀመር ዓይኔ እንደ ጉጉት ፈጦ ነበር። ስላልተኛሁ ህልም የለ፣ ህልም ስለሌለ ወሬ የለ።

ሁለተኛውን በሥርዓቱ አደረግኩት። እማዬ 84 ዓመቷ ነው፤ የዘጌ ልጅ ናት። ሁልጊዜም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለውዳሴ ማርያም ትነሳለች። እንቅልፏን አልሰረቅኩባትም ማለት ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ጾምም አልነበረም። ከሰል አያያዝኩ። አራት ቅጠል ለአንድ ሊትር ውኃ። እማዬ ጸሎቷን ስትጨርስ መጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«ቁሌቱ የታል? ጢሱስ?» አለች። የማይቆላ፣ የማይወቀጥ መጠጥ ደስ አላላትም። አንድ ፉት አለችና «የበሽተኛ ውኃ» ብላ ፈረደችበት። ግን ሲኒውን አላስቀመጠችም። እኔም ኪችዋዎቹ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ ነገርኳት። ዝም አለች። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ ጀመረች።

አባቴ ከሞተ 12 ዓመቱ ነው። በህልሟ ከዘጌ በታንኳ እየቀዘፈ ይመጣል አለች፤ አንድ ከረጢት ቡና ጭኖ። ዳር ሲደርስ ከታንኳው አይወርድም። «ውኃ አጠጪኝ» ይላታል። እሷ ጣሳ ፍለጋ ትገባለች፣ ጣሳው የለም። ከጥምቀት ወዲህ ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ለማንም አልተናገረችም።

እኔና እማዬ አርባ ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል። የጎረቤት ወሬ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የማን ልጅ ማንን አገባ፣ ሁሉም ተወርቷል። ይህ ህልም ግን አቦል ላይ አይወጣም። አቦል ሲደርስ ጎረቤት ገብቷል፣ ነግቷል፣ ሬዲዮ ተከፍቷል። ስለዚህ ያናገራት ቅጠሉ ነው አልልሽም፤ ካፌይኑማ ዕድሜ ልኳን የጠጣችው ነው። ሰዓቱ ነው፣ ጨለማው ነው፣ የሁለታችን ብቻ መሆን ነው። ሲነጋ ጌሾ ገዛን። ለሚካኤል ዳቦና ጠላ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን በር ለነዳያን ወጣ።

አሁን ወደ አንቺ ሆድ እንምጣ። በእርግዝና ጊዜ ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ወደ ፅንሱም ያልፋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ይህ ከቡናው፣ ከሻዩ፣ ከኮካው ሁሉ ተደምሮ ነው። የጓዩሳ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ያለው ካፌይን እስከ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 5 ግራም ቅጠል ብታፈዪ እስከ 150 ሚሊ ግራም ሊሆን ነው። ላዩ ላይ የአማትሽ ቡና ሲጨመር ወሰኑን ዘለልሽ። ስለዚህ እስክትገላገዪ ይቆይ። ስታጠቢም ለክትትል የምትሄጂባትን ነርስ ጠይቂ። ሌላም ነገር ልንገርሽ፤ ይህ ለቡናና ለሻይም ይሠራል። የሚሰጡሽን የደም ማነስ ክኒን በቡናም በሻይም በዚህ ቅጠልም አትዋጪው። ብረቱን ሰውነትሽ እንዳይወስድ ያደርጋሉ።

ቅጠሉ ቆጥ ላይ ይቆይ። ደረቅ ከሆነ አይበላሽም፤ በአገሩም ከጣሪያ ነው የሚሰቀለው። አማትሽ ሳያውቁት ትክክለኛ ቦታው ላይ አስቀምጠውታል።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ቅጠል ኔት ላይ ፈለግኩ። እንደ ቡና ልብ አያስመታም፣ ህልምንም እንደፈለጉ ማዘዝ ያስችላል ይላል። ለፈተና ባድርበት ምን ይመስልዎታል? ደግሞ አማዞን ውስጥ ጠጥተው መልሰው ያስመልሱታል የሚል አነበብኩ። እንደኛ ኮሶ ነው እንዴ? — ከፖሊ

መልስ፦ ልጄ፣ ከማስመለሱ ልጀምር፤ እሱ ይበልጥ ደስ ይላል።

እውነት ነው። ግን ኪችዋዎቹ ሳይሆኑ አቹዋር የሚባሉት ናቸው፤ ከኢኳዶርና ከፔሩ ድንበር ግራና ቀኝ ይኖራሉ። ወንዶቹ ገና ሳይነጋ ብዙ ይጠጣሉ፤ ብዙ ስልህ በጣም ብዙ ነው። ከዚያ ወጣ ብለው ያስመልሱታል። ሆድ ጠርቶ፣ ሰውነት ቀሎ ቀኑ ይጀመራል ነው ነገሩ። ተመራማሪዎች ቅጠሉ ውስጥ የሚያስመልስ ነገር ይኖር ይሆን ብለው መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት እንዲህ ያለ ነገር የለውም አለ። ማስመለሱ ከልጅነት የሚለመድ ልማድ ነው። ጥቅሙም አለው፤ ካፌይኑ ደም ውስጥ ገብቶ ሳያልቅ ብዙው ይወጣል።

ኮሶ ግን ሌላ ነው። ኮሶ ለመድኃኒት ነው፣ ትሉን ለማስወጣት ነው፣ የሚወጣውም በላይ አይደለም። አያቶቻችን ሲጠጡት ተደብቀው ነበር፤ አቹዋሮቹ በኅብረት ነው።

በነገራችን ላይ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ያውፖን የሚባል የጓዩሳ ዘመድ አለ። የአገሬው ሰዎች በሥርዓት ጠጥተው ሲያስመልሱ አውሮፓውያን አዩ። ቅጠሉን ጥፋተኛ አድርገው የሳይንስ ስሙን «አስመላሹ» አሉት። ቅጠሉ ምንም አላደረገም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተነሳለትም። እኔ ይህን ስም ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ፈተናህ። «ልብ አያስመታም» የሚለው የነጋዴ ወሬ ነው። የኔ ልብ መትቷል፤ ከላይ አንብበሃል። ካፌይን ከቡናም ይምጣ ከቅጠል ካፌይን ነው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ይበቃል ይባላል። ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ብትጠጣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮህ ነው። እስኪነጋ ታጠናለህ፤ ፈተናው ላይ ታንቀላፋለህ። እኔ ስንቱን ጎበዝ ተማሪ ወረቀቱ ላይ ምራቁን ጥሎ አንቅቼዋለሁ።

ህልም ማዘዙም እንዲሁ ነው። በኢኳዶር ህልምን ያጠራል የሚል እምነት አለ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከሥርዓቱ ጋር ነው። ሰዎቹ በጊዜ ይተኛሉ። ሌሊት ይነሳሉ። ህልሙ ገና ትኩስ እያለ ይናገሩታል። ያንተ ሐሳብ ደግሞ ጠጥቶ ማደር ነው። «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። አንተ ሳትተኛ አድረህ ህልም ልታዝ ነው። በጊዜ ተኛ፣ 10 ሰዓት ላይ ተነስተህ አጥና። አንድ ስኒ ከጠጣህም ያኔ ጠጣ።

ጥያቄ፦ ዘጌ አስጎብኚ ነኝ። ጓዩሳ ትልልቅ ዛፍ ሥር፣ ደን ውስጥ ነው የሚበቅለው አሉኝ። የኛም ቡና እንደዛው ነው። ችግኙን አስመጥተን ብንሞክረው ያዋጣል? እንግዶቹ አዲስ ነገር ይወዳሉ። — ከዘጌ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ አያስቅም። የዘጌን ቡና ለሚያውቅ ሰው የኪችዋዎቹ ማሳ እንግዳ አይሆንበትም። ቻክራ ይሉታል። ጓዩሳው፣ ካካዎው፣ ካሳቫው፣ ሙዙ፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ትልልቅ ዛፍ ሥር ተደባልቆ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከሚቆጠሩ የእርሻ ሥርዓቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ዘጌም በሬ ሳይጠመድ፣ ከብት ሳይገባ ደኑ የቆየው በገዳማቱ ሥርዓት ነው። አባታችን አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ተከሉ፣ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ የሚለውን አንተ በቀን አምስቴ ትተርከዋለህ። እኔ ልነግርህ አልችልም።

አንድ የሚገርመኝ መመሳሰል አለ። ጓዩሳም የሚባዛው በቁራጭ ግንድ ነው። ለብዙ ትውልድ ሰው እየቆረጠ ሲተክለው ስለኖረ ዘር ማፍራቱን ትቶታል ማለት ይቻላል። በእውነትም ቆርጠህ የምትተክለው በትር ነው።

ግን አያዋጣም። ናፖ ውስጥ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘንባል፤ ደረቅ ወር የሚባል ነገር እምብዛም የለም። የኛ ዝናብ የዚያን ግማሽ ቢሆን ነው፣ እሱም ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይሰናበታል። ጥቅምትን ይለፍ፣ ሚያዝያ ላይ ምን ታጠጣዋለህ? ሐይቁን እንዳትለኝ፣ እምቦጩ ይበቃዋል። ደግሞም የእምቦጭን ነገር ያየ ሰው የውጭ ተክል በሻንጣ አያስገባም። ቁራጭ ግንድ በሽታና ተባይ ይዞ ይመጣል። ያለ ኳራንቲን ምርመራ ማስገባት ክልክል ነው፤ ክልክል ባይሆንም ከዘጌ ቡና አጠገብ እንዲተከል አልፈልግም።

አዲስ ነገር ካልክ እጅህ ላይ ያለውን ልጠቁምህ። የቡና ቅጠል። ሐረር ላይ ኩቲ ብለው ያፈሉታል። በደቡብ ምዕራብ፣ ከፋና ቤንች በኩል፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጤና አዳም ጋር ያፈሉታል፤ ጨሞ ይባላል። ካፌይን ያለው፣ ደን ውስጥ የበቀለ፣ በኅብረት የሚጠጣ ቅጠል ከፈለግክ ይኸው አገርህ ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል። እማዬ ግን ዘጌ ተወልዳ አድጋ የቡና ቅጠል ሲፈላ አይታ አታውቅም። ስነግራት «ዛፉን ልትገፍፉት ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ቅጠል በዘፈቀደ ከተመለመለ ፍሬው ይቀንሳል። ስትገርዙ ከወደቀው ቅርንጫፍ ልቀሙ። ለእንግዳ የሚሆን ሁለት ጀበና ከዚያ ይወጣል።

ለእንግዶችህ የሚሆን አንድ ወሬም ልጨምርልህ። በሱስንዮስ ዘመን ጎርጎራ ላይ የነበሩት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን፣ የማኅበራቸው ሰዎች አማዞንም ነበሩ። እዚያ የሄዱት ጓዩሳን እንደ መድኃኒት አስተክለው ይሸጡት ነበር። ከኛ አገር ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ አባረራቸው። ከዚያም የስፔን ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1767 አባረራቸው። ቅጠሉ ቀረ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ያቺ ልጅ የላከችልዎት ቅጠል ተርፎ ከሆነ እስቲ ለኔም ትንሽ። እንዴት እንደሚፈላና በጾም ይጠጣ እንደሆነም ይንገሩኝ። — ከዓባይ ማዶ

መልስ፦ አፈላሉ ቀላል ነው። አራት ቅጠል፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ ቀለሙ እስኪበስል ሃያ ደቂቃ። በማንቆርቆሪያ ወይም በድስት ይሁን። ጀበና ውስጥ እንዳትከቺው፤ ቅጠሉ ረጅም ነው፣ አንገቱ ላይ ይሰነቀራል። እኔ በሽቦ ሳወጣ የጀበናዬን አፍ ሸርፌዋለሁ። ስኳር አያስፈልገውም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ቅጠል ነውና ከፍስክ አይቆጠርም። ነገር ግን የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሳይደርስ የተጠጣ ነገር ተጠጣ ነው፣ ቡናም ይሁን ይህ። የቀረውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ቅጠሉን በተመለከተ አዝናለሁ። ስድስት ቀርተውኝ ነበር። «የበሽተኛ ውኃ» ያለችው እማዬ ወስዳ ሙዳይዋ ውስጥ ከታቸዋለች። ትናንት ስጠይቃት «ህልም ያየሁ ቀን እቀሰቅስሻለሁ» አለችኝ።